ጃርት በቀትር

መሓድ የተገኘው ረቡዕ ረፋዱ ላይ ነው፤ በሐጊፍ ሸለቆ፣ ከገደሉ ሥር፣ በግንባሩ ተደፍቶ። አንድ እግሩ ባዶ ነበር። የውሃ ኮዳው ከወገቡ አልተፈታም።

"ወድቆ ነው፣ ጌታዬ" አለ አስር አለቃው ወደ ላይ አንጋጦ። "ሠላሳ ሜትር አያንስም። ፍየል እንኳ ከዚህ ብትወድቅ አትተርፍም።"

ሻምበል በኺት ተንበርክኮ የሟቹን እጆች አንድ በአንድ ገልብጦ አየ። እሱ ራሱ የተራራ ልጅ ነው፤ ከገደል የወደቀ ሰው ሲያነሳ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የሚወድቅ ሰው ይቧጥጣል፤ ያገኘውን ይጨብጣል፤ ጥፍሩ ይነቀላል። የመሓድ መዳፎች ግን አንዲት ጭረት አልነበረባቸውም። ከማጅራቱ በላይ ደግሞ አጥንቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ደሙ ጠቁሮ ደርቋል።

"በግንባሩ ወድቆ ማጅራቱ የሚሰበር ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም፣ ጌታዬ።"

"እኔም አላውቅም። ና፣ ላይ እንውጣ።"

ገደሉ አፍ ላይ ጠባብ የእንስሳት መንገድ ያልፋል። ከመንገዱ ዳር፣ ከአንድ ቋጥኝ ጋር፣ ከመሬት ጉልበት በማይሞላ ከፍታ ላይ አንዲት አረንጓዴ ሳጥን ታስራለች። ሳጥኗ በድንጋይ ተቀጥቅጣ ሆድ ዕቃዋ ተዘርግፏል። ሁለት እርምጃ አለፍ ብሎ የደረቀ ደም አለ፤ ከደሙ እስከ ገደሉ ጫፍ ደግሞ አንድ ከባድ ነገር የተጎተተበት ፋና።

ሬሳውን ያገኘችው ዶክተር ዙወይና ቋጥኙ ላይ ተቀምጣ ነበር። በዚህ ተራራ የነብሮቹን ጥናት የምትመራው እሷ ናት። ዓይኖቿ አብጠዋል፤ ድምጿ ግን አልተሰበረም።

"ካሜራ ናት" አለች፣ ሻምበሉ ሳይጠይቃት። "ሙቀት ያለው ነገር ፊቷ ሲንቀሳቀስ በራሷ ፎቶ ታነሳለች። ሃያ ሁለት ጣቢያ አለን፤ ይሄ አራተኛው ነው። መሓድ በየወሩ ባትሪ ይቀይራል፣ ሚሞሪዋን አውጥቶ ሌላ ይከታል። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ሲያደርግ ኖረ።"

"ሚሞሪዋስ?"

"የለችም። ኪሱንም ፈትሸናል።"

"ምን ሊኖርባት ይችላል?"

"ነብር። ተኩላ። ሽኮኮ። ጃርት።"

"ሰውስ?"

ዙወይና ራሷን ነቀነቀች። "ሰውም ግመልም ያልፋል። ግን መሓድ ሰው ያለበትን ፎቶ አያስቀርም። መጀመሪያ ካሜራዎቹን ስንተክል ለሽማግሌዎች ቃል ሰጥቷቸዋል። በዚህ መንገድ ሴቶች ያልፋሉ ተብሎ። እዚሁ ቆሞ በትንሿ ማያ መሣሪያው ያይና ይሰርዘዋል። ለእኔ እንኳ አንድ ቀን አሳይቶኝ አያውቅም።"

"ጠላት ነበረው?"

"እሱ? እሱ ጠላት የለውም። ነብሩ ነው ጠላት ያለው። ባለፈው ወር ከዚህ ጋራ በላይ ሁለት ቀበሮና አንድ ጥንብ አንሳ ሞተው አግኝተናል። መርዝ ይመስለኛል። ናሙናውን ልከን መልስ እየጠበቅን ነው።"

*

የመሓድ ሚስት ጡፉል ሻምበሉን የተቀበለችው ከበሩ ላይ ቆማ ነው። አላለቀሰችም። ከጓዳ የሴቶች ልቅሶ ይሰማል፤ እሷ ግን እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብላ ቆማለች።

"መቼ ወጣ፣ እህቴ?"

"ሰኞ ቀትር። ሁለት ሌሊት ተራራ ያድራል፤ ልማዱ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሳይደውል ሲቀር ለዶክተሯ ነገርኳት።"

"የተናገረው ነገር ነበር? የሚያሰጋው?"

"ጫማዬን ሰፍተሽ ነበር ወይ አለኝ። አልሰፋሁለትም ነበር። በዚያ ተራራ በተቀደደ ጫማ ነው የሄደው።"

የመሓድ ታላቅ ወንድም ነሺር ከውጭ ገባ። ጠመንጃውን በትከሻው እንዳንጠለጠለ ነው። ሰላምታ አልሰጠም።

"ገዳዩን ታውቀዋለህ፣ አቡ ነስር" አለው በኺትን በልጁ ስም ጠርቶ። "ተራራው በሙሉ ያውቀዋል። ተማን በጉባኤ መሐል ተነስቶ ምን አለ? 'ነብሩን የሚጠብቅ ሰው ነብር ይብላው!' ሃምሳ ሰው ሰምቷል።"

"መናገርና መግደል ይለያያል።"

"ሦስት ቀን" አለ ነሺር፣ ሦስት ጣቱን ዘርግቶ። "ለመንግሥት ስል ሳይሆን ለአንተ አባት ስል ሦስት ቀን እታገሣለሁ። ከዚያ በኋላ እኛ እንፈልጋለን።"

*

ተማን ግመሎቹን ውሃ ሲያጠጣ አገኙት። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሲናገር ዱላውን የሚያወናጭፍ ሰው ነው።

"ብያለሁ! አልክድም! አሥራ አንድ ጥጃ በላብኝ፤ ለማን ልጩኽ? ለመሓድ ስነግረው 'ፎቶውን አይቻለሁ፣ አምራለች፣ ጥጃህን አንጠልጥላ ስትሄድ' ይለኛል! አምራለች! ወላሂ ያን ቀን ላንቀው ምንም አልቀረኝም።"

"ታዲያ አነቅከው?"

"ባንቀው ለምን ከገደል እወረውረዋለሁ? እዚያው እተወው ነበር!"

"ሰኞ የት ነበርክ?"

"ሰላላ ከተማ። የእህቴ ልጅ ሰርግ። ከቀትር ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ስጨፍር መቶ ሰው አይቶኛል።"

"ማክሰኞ ጠዋትስ?"

ተማን ዱላውን አወረደ። "ገና ሳይነጋ ተነስቼ ወደዚህ መጣሁ። ብቻዬን፣ በመኪና።"

"ማን አየህ?"

"መንገዱ።"

ከተማን ሰፈር በላይ፣ ለአራተኛው ጣቢያ በጣም የሚቀርበው የሰሂል በረት ነው። ሰሂል ስልሳ ያለፈው፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ በሽምግልና የሚከበር ሰው ነው። የግመል ወተት በጎድጓዳ ሳሕን አቀረበላቸው፤ የመሓድ ስም ሲነሳ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"በልጅነቱ ከትከሻዬ አይወርድም ነበር። አላህ ይርሐመው። ማን እንዲህ ጨከነ?"

"ለሁሉም የምጠይቀውን ነው የምጠይቅዎ፣ አጎቴ። ሰኞና ማክሰኞ የት ነበሩ?"

"ማክሰኞ ንጋት ሚርባጥ ከተማ መስጊድ ሰግጄ፣ ከዚያ ሣር ልገዛ ገበያ ዋልኩ። ኢማሙን ጠይቀው። ሰኞ እዚሁ ከግመሎቼ ጋር ነበርኩ።"

"ሰው አይቶዎታል?"

"ግመሎቼ አይተውኛል" አለ ሰሂል ፈገግ ብሎ።

"እረኛዎስ?"

"ረፊቁ? ጠፋ። ሦስት ሳምንት ይሆነዋል። እንደምታውቀው ነው፣ የተሻለ ሥራ ሲያገኙ ይጠፋሉ።"

በኺት ያውቃል። 'ረፊቅ' የሚሏቸው የውጭ አገር ሠራተኞች በየሳምንቱ አንድ ሁለት ይጠፋሉ። ወተቱን ጨርሶ አመስግኖ ወጣ።

*

ሐሙስ ማታ ሐኪሙ ደወለ፤ ሰውዬው የሞተው ከሰኞ ቀትር እስከ ማክሰኞ ቀትር ባለው ጊዜ ነው፤ ሙቀቱ ስላበላሸው ከዚያ አጥብቤ ልነግርህ አልችልም አለ። ከዚህ ሰፊ የጊዜ በረት ውስጥ ማንን እንደሚያስገባና ማንን እንደሚያስወጣ ሲያሰላስል በኺት እንቅልፍ አልወሰደውም።

አርብ ጠዋት ዙወይና ራሷ ጣቢያ ድረስ መጣች።

"ሻምበል፣ ከድንጋጤዬ የተነሳ አንድ ነገር አልነገርኩዎትም። በየጣቢያው ካሜራ የምንተክለው ሁለት ሁለት ነው።"

"ለምን?"

"የነብር የግራ ጎኑ ነጠብጣብ ከቀኝ ጎኑ ጋር አንድ አይደለም። የትኛው ነብር እንደሆነ ለመለየት ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ ማንሳት አለብን። የአራተኛው ሁለተኛ ካሜራ ግመል ረግጦት ተበላሽቶ ከተማ ነበር። ከአሥር ቀን በፊት መሓድ ይዞት ወጥቷል። 'አሁን ግመል የማይደርስበት ቦታ እሰቅለዋለሁ' ብሎኝ ነበር። የት እንደሰቀለው አላውቅም።"

ግማሽ ቀን ፈለጉ። ያገኘው አስር አለቃው ነው፤ ከሰው ቁመት በላይ፣ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ፣ በጭቃ ተለስኖ። ገዳዩ ከሥሩ ቆሞ ሳያየው ነው የሄደው።

ጣቢያ ሲደርሱ ሚሞሪውን ከፈቱ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ፎቶዎች ሰው ነበረባቸው፤ ከእነሱ በኋላ ሚሞሪው ሞልቶ ካሜራው ቆሟል። በመጀመሪያው መሓድ አጎንብሶ ሳጥኗን ይከፍታል። በሁለተኛው ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ከአንድ ሰው ጋር ያወራል፤ የሰውዬው ትከሻና ዱላ የያዘ እጁ ብቻ ነው የሚታየው፤ ከአንገቱ በላይ ከፎቶው ውጪ ነው። በሦስተኛው መሓድ ጀርባውን ሰጥቶ ሊሄድ ሲል፣ ያ እጅ ዱላውን ጥሎ ድንጋይ አንስቷል።

ከፎቶው ግርጌ ቀንና ሰዓት ተጽፏል፤ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ።

"ማክሰኞ ጠዋት!" አለ አስር አለቃው። "ሰሂል መስጊድ ነው። ተማን ግን…"

"ተማንን መንገዱ ነው ያየው" አለ በኺት።

ኢማሙ ስለ ሰሂል መሰከረ፤ የሣር ነጋዴዎቹም መሰከሩ። አርብ ማታ ተማን በልጆቹ ፊት እጁ ታሰረ። አልጮኸም፤ ይህ በኺትን አስገረመው። መኪናው ውስጥ ሲገባ ግን ዞር ብሎ እንዲህ አለው፦

"አቡ ነስር፣ እኔን ስታስር በወንድሜ ላይ ፈርደሃል። ይግባህ።"

*

ገብቶት ነበር። ለነሺር ደውሎ "ሰውየው በሕግ እጅ ነው፣ አደራ" አለው፤ ነሺርም "እሺ" አለ። ቅዳሜ ጠዋት የተማን ታናሽ ወንድም ራጂሕ ከብቶቹን ሲያወጣ በጥይት ሁለት እግሩን ተመታ። የተኮሰው የነሺር ልጅ ነው፤ ጠመንጃውን ራሱ ይዞ መጥቶ ጣቢያው በር ላይ አስቀመጠ።

በኺት የሆስፒታሉ ኮሪደር ወንበር ላይ ተቀመጠ። የራጂሕ እናት ከፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። የልጇ ቀኝ እግር እንደማይተርፍ ሐኪሙ ነግሯታል።

ዓይኗን ሲሸሽ ኮምፒውተሩን ከቦርሳው አወጣ። ተማን ከዚያ በፊት በዚያ መንገድ አልፎ እንደሆነ ላጣራ ብሎ የአሥሩን ቀን ፎቶ ከመጀመሪያው ጀምሮ ገለጠ። እስካሁን ያየው የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ብቻ ነው። ቸኩሎ ነበር። የሚፈልገውን ካገኘ በኋላ ሌላውን ማየት አላስፈለገውም።

ሽኮኮዎች ነበሩ። ስድስት ሽኮኮ ቋጥኝ ላይ ተደርድረው፣ ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ይሞቃሉ። ቆንጆ ፎቶ ነው። በኺት ሊያልፈው ብሎ ግርጌውን አየ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ይላል።

ቀጣዩን ገለጠ። ጃርት፤ እሾኹን አቁሞ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ካሜራው በማይታይ ብርሃን ያነሳው ግራጫ ፎቶ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይላል።

ለዙወይና ደወለ።

"ዶክተር፣ ጃርት በቀትር ይወጣል?"

"ምን?"

"ጃርት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።"

"ሻምበል፣ ፀሐይ መቶዎት ነው? ጃርት ቀን ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል።"

"ሽኮኮስ? ሌሊት ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚሞቅ ሽኮኮ አለ?"

ድምጿ ተለወጠ። "ሰዓቱን ሲሞላ ቀኑን ከሌሊት አምታቶታል። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሰቅሎት ማታ አራት ሰዓት ብሎ ሞልቶታል ማለት ነው። ያ ካሜራ አሥራ ሁለት ሰዓት ይቀድማል። ሻምበል… ፎቶዎቹን ሁሉ ለምን አላሳዩኝም? አንዱን ብቻ አትመው 'ይሄ መሓድ ነው ወይ' አሉኝ። ሌሎቹን ባያቸው በአንድ ደቂቃ እነግርዎት ነበር!"

በኺት ስልኩን ዘግቶ በጣቱ ቆጠረ። ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ የተባለው ሰኞ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ነው። ሰኞ ምሽት ተማን መቶ ሰው ፊት ሲጨፍር ነበር። ሰሂልን ግን ያዩት ግመሎቹ ብቻ ናቸው።

ከወንበሩ ሲነሳ የራጂሕ እናት ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች።

"ምን አገኘህ?"

"ልጅሽ ተማን ንጹሕ ነው፣ እናቴ።"

"እሱንማ እኔ አውቅ ነበር" አለች። "አንተ ነህ ያላወቅከው።"

*

የሰሂል በረት ሲደርስ ሰውየው ግመሎቹን ይዞ ወጥቷል። በኺት መጀመሪያ የገባው የእረኛው ጎጆ ውስጥ ነው፤ ከቆርቆሮና ከሸራ የተሠራ፣ ቁመቱ ሰው የማያስቆም።

የሚጠፋ ሰው ምን ጥሎ ይሄዳል? ፓስፖርቱ ከአሠሪው ቤት ስለሚሆን እሱን ይተዋል። ጫማውን ግን አይተውም። እዚህ ከበሩ አጠገብ ጫማው ተደርድሯል። የጸሎት ቆቡ ችንካር ላይ ተንጠልጥሏል። ትራሱ ሥር ስልኩ አለ፤ ባትሪው ሞቷል። በኺት መኪናው ውስጥ ሰካው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስልኩ በራ፤ ከዚያም ያለማቋረጥ ይጮኽ ጀመር። ከአንድ የውጭ አገር ቁጥር ስድሳ አንድ ጊዜ ተደውሏል። የመጨረሻው የዛሬ ጠዋት ነው።

ጥግ ላይ ምድጃው አለ። ከምድጃው አጠገብ የዱቄት ማዳበሪያና ሦስት ቆርቆሮዎች፤ አንዱ የጨው፣ አንዱ የስኳር፣ ሦስተኛው ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። የታሰረው በቅርቡ ነው፤ ገመዱ አዲስ ነው። ሁለቱ ቀበሮዎችና ጥንብ አንሳው ትዝ አሉት።

ከውጭ የእግር ኮቴ ተሰማ።

"አቡ ነስር! እንግዳ መጥቶ ሻይ ሳይጠጣ?" አለ ሰሂል በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ።

"እጠጣለሁ፣ አጎቴ። የትኛው ቆርቆሮ ነው የስኳሩ?"

ሰሂል ፊቱ አልተለወጠም። ግን አልገባም። ከበሩ ውጭ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ለነብሩ ነበር" አለ።

በኺት ቆርቆሮውን አንስቶ በሩ ላይ አስቀመጠው።

"ተማን ይጮኻል። የሚጮኽ ሰው መርዝ አይገዛም። እኔ ዘጠኝ ጥጃ ተበልቶብኝ ለማንም አልተናገርኩም። ዱቄቱን አሮጌ የጨው ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌ እዚህ አስቀመጥኩት። ለረፊቁ ልነግረው ነበር። ረሳሁ። ወላሂ ረሳሁ። አርብ ዕለት ቂጣ ጋገረበት።"

"ሲሞት አየኸው?" በኺት ሳይታወቀው አክብሮቱን ጣለው።

"ጁምዓ ሰግጄ ስመለስ መሬት ላይ ይንፈራገጣል። አረፋ ይደፍቃል። ራሱን ጭኔ ላይ አደረግኩት። እስከ አሱር ሶላት ቆየ። እጄን ይዞኝ ነበር፤ አለቀቀኝም።"

"መኪናህ የት ነበር?"

ሰሂል መሬቱን አየ።

"መኪናህ የት ነበር፣ ሰሂል?"

"እዚሁ በር ላይ።"

"ሆስፒታል አርባ ደቂቃ ነው።"

"ምን በላ ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ነብር የመረዘ ሰው ስንት ዓመት እንደሚታሰር አንተ ታውቃለህ። በዚህ ዕድሜዬ… ይሻለዋል ብዬ ጠበቅኩ። ይሻለዋል፣ አሁን ይሻለዋል እያልኩ። ሲመሽ በግመል ጭኜ ወደ ሸለቆው ላይ ወሰድኩት። ቆፍሬ፣ ሰግጄበት ቀበርኩት። ስመለስ ነው ያቺን ሳጥን ያየሁት። ቀይ ዓይኗ ብልጭ አለ።"

"ለምን ያኔውኑ አልሰበርካትም?"

"ብሰብራት መሓድ ማን ሰበራት ይላል። ብተዋት ያየኛል። ሌሊት አልተኛሁም፣ በኺት። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ሰኞ መሓድ ሲወጣ ከሩቅ አይቼው ተከተልኩት። 'ልጄ፣ በዚያ ሚሞሪ ላይ እኔ እንዳለሁ አውቃለሁ፤ ስጠኝ' አልኩት። 'አይቼዋለሁ፣ አጎቴ፤ ሰርዤዋለሁ። ሰው ሁሌም እሰርዛለሁ፤ አያስቡ' አለኝ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እኔ የሰማሁት አይቼዋለሁ ያለውን ብቻ ነው።"

በመጠምጠሚያው እጥፋት ውስጥ ጣቱን ሰድዶ ትንሿን ሚሞሪ አወጣና በመዳፉ ላይ አድርጎ ዘረጋለት።

"ምን እንዳለባት እስካሁን አላውቅም። የሚከፍትልኝ ሰው ማንን ልመን?"

*

የተሰረዘውን ለመመለስ የጣቢያው ባለሙያ አንድ ሰዓት ፈጀበት። ዙወይና ከበኺት ጎን ቆማ ነበር። እረኛው የተቀበረበት ሌሊት ተነስተው የተሰረዙት አራት ፎቶዎች ናቸው።

በአራቱም ላይ የግመል እግሮች አሉ። ከእግሮቹ አጠገብ የአንድ ሰው ጫማና የሽርጡ ጠርዝ። ሌላ ምንም የለም፤ ፊት የለም፣ ጭነት የለም። ካሜራዋ የተተከለችው በነብር ቁመት ልክ ነው፤ ከጉልበት በላይ ያለውን ሰው አታይም።

"መሓድ ይሄን ነው ያየው?" አለ በኺት።

"ይሄን ነው" አለች ዙወይና። ፊቷን አዞረች። "የሚሰረዝ ነገር እንኳ አልነበረውም። ከጨዋነቱ ነው የሰረዘው።"

በኺት ወደ እስር ክፍሉ ወረደ። ሰሂል ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ ተቀምጧል።

"ምን ታየ?" አለ ወዲያው።

"የግመል እግር።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

"ረፊቁስ? እኔስ?"

"የማንም ፊት የለም። ዝም ብትል ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።"

ሰሂል አንዳች የማታለል ምልክት የሚፈልግ ይመስል የሻምበሉን ፊት መረመረ። ከዚያ መጠምጠሚያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት፤ ከውስጡ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር።

እሑድ ከቀትር በፊት ተማን ተለቀቀ። በኺት ራሱ በሩን ከፈተለት፤ ይቅርታ ሊለው አፉን ሲከፍት ተማን እጁን አነሳ።

"ተወው። ወንድሜ ጋ ውሰደኝና እዚያ ፊት ለፊት ለእሱ በለው። ለእኔ አትበለኝ።"

ወሰደው። ራጂሕ ገና አልነቃም ነበር። ብርድ ልብሱ ከቀኝ ጉልበቱ በታች ባዶ ሆኖ ተኝቷል። ተማን ጥቂት ቆሞ አየና ከአልጋው እግርጌ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ በኺት ያሰናዳውን ቃል ለማን እንደሚለው ጠፍቶት ወጣ።

ከሰዓት በኋላ እረኛውን ከጉድጓዱ አወጡት። ሰሂል በጥንቃቄ ነበር የቀበረው፤ በቀኝ ጎኑ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ። ፓስፖርቱ ከሰሂል ሳጥን ውስጥ ተገኘ። ሞፊዙል ሐቅ ይባላል፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። በዚያ ጋራ ለስድስት ዓመት ግመል ሲጠብቅ ከጎረቤቶቹ አንድም ሰው ስሙን አልጠየቀውም።

ያ ስልክ አሁንም በበኺት ጠረጴዛ ላይ ነበር። አሁን ሲደወልበት ለስድሳ ሦስተኛ ጊዜ ነው። ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት የሚሠራ የሟቹን አገር ሰው አስመጥቶ ነበርና ስልኩን ሰጠው። ሰውየው ቀስ ብሎ ተናገረ። ከዚያ አዳመጠ። በወዲያኛው በኩል መጀመሪያ ጩኸት፣ ኋላ የሕፃናት ድምፅ፣ ኋላ ደግሞ አንዲት ሴት ብቻዋን ስትናገር ተሰማ።

"ሚስቱ ናት" አለ ተርጓሚው እጁን ስልኩ ላይ ከድኖ። "እንዴት ሞተ ብላ ጠየቀች፤ መርዝ በስህተት በልቶ አልኳት። አሁን ደግሞ፣ ሲሞት ብቻውን ነበር ወይ ትላለች። ሰው አገር፣ ተራራ ላይ፣ ብቻውን ነበር ወይ?"

በኺት መስኮቱ ጋ ሄዶ ተመለሰ።

"አልነበረም በላት" አለ። "እስከ መጨረሻው ሰው አጠገቡ ነበር። ራሱን ደግፎ፣ እጁን ይዞ። በሥርዓቱ ተሰግዶበት ነው የተቀበረው። ይሄን በላት።"

ሰውየው ተረጎመ። ከወዲያ ማዶ ልቅሶው ረገብ አለ፤ ሴትዮዋ በተቆራረጠ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረች።

"ያን ሰው አላህ ጀነት ያስገባው፣ ልጆቹን ይባርክለት ትላለች።"

በኺት የሟቹን ፓስፖርት ዘግቶ ወደ ጎን ገፋው።

"አሚን በሏት እንጂ፣ ሻምበል" አለ ተርጓሚው ስልኩን ወደ እሱ ዘርግቶ። "እየጠበቀች ነው።"

"አሚን" አለ በኺት።